በጨው ውሃ አኳሪየም አልጌ ለምን ይበዛል? ለየትኛውስ አልጌ የትኛው እንስሳ?

የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር እንስሳት የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ፣ ያቋቋመ ሰው ሁሉ፣ ይዋል ይደር እንጂ፣ አንድ ጠዋት መስታወቱ አረንጓዴ ለብሶ፣ ድንጋዩም ጠጉር አብቅሎ ያገኘዋል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ሻጭ ሄዶ «አልጌ የሚበላ ነገር ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩም ሃያ ቀንድ አውጣና አሥር ሸርጣን በከረጢት ቋጥሮ ይሸኘዋል። ከሁለት ወር በኋላ ከቀንድ አውጣዎቹ ግማሾቹ ሞተው፣ አልጌው ግን ባለበት ይገኛል። ጥፋቱን በእንስሳቱ ላይ ማላከክ አይገባም፤ ከግዢው በፊት መጠየቅ የነበረባቸው ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ቀርተዋልና። እነሱም አልጌው ምግቡን የሚያገኘው ከየት ነው፣ የበቀለውስ የትኛው አልጌ ነው የሚሉት ናቸው።

አልጌ፣ በትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው፣ ለማደግ ብርሃን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል። ብርሃኑን ለዓሣዎቹና ለኮራሎቹ (ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው ለሚኖሩት የባሕር እንስሳት) ብለን እኛው እናበራለታለን፤ ካርቦን በባሕር ውሃ ውስጥ የተትረፈረፈ ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን በአብዛኛው የሚገቡት በአንድ በር፣ ማለትም በመኖ በኩል ነው። ዓሣው ከበላው ከፊሉን ሥጋ ያደርገዋል፣ የቀረውን በኩሱና በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ከዚህ የሚመጣውን አሞኒያ አንድ ወገን ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬቱም የሚወስደው እስኪያገኝ ድረስ ይጠራቀማል። ኦክስጅን በማይደርስበት የድንጋይና የአሸዋ ውስጠኛ ክፍል የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን በከፊል ወደ ጋዝ ለውጠው ሊያስወጡት ይችላሉ፤ ፎስፈረስ በውሃ ውስጥ የሚገኝበት መልክ የሆነው ፎስፌት ግን ወደ አየር የሚወጣበት ምንም መንገድ የለውም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ደረቅ የዓሣ መኖ ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ፎስፈረስ አለው። 200 ሊትር ውሃ የያዘ አኳሪየም በቀን 1 ግራም መኖ ቢገባበት፣ ከዚያ ውስጥ 10 ሚሊግራም ያህሉ ፎስፈረስ ነው፤ ይህም በፎስፌት ሲሰላ 30 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለ200 ሊትር ሲከፋፈል በአንድ ሊትር 0.15 ሚሊግራም ይደርሳል። ብዙ ኮራል አርቢዎች እንዲኖር የሚፈልጉት የፎስፌት መጠን ግን በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ያለው ነው። ስለዚህ አንዲት ቁንጥር መኖ ሙሉ በሙሉ ወደ ውሃው ብትመለስ በአንድ ቀን ከጣሪያው ታልፋለች ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም አይመለስም፤ ሆኖም በወር 30 ቁንጥር እንደሚገባ ያሰበ ሰው አልጌው ከየት መጣ ብሎ ብዙ አይደነቅም።

እዚህ ላይ የብዙዎችን ስሌት የሚያዛባ አንድ ነጥብ አለ። ቀንድ አውጣ አልጌ ሲበላ ፎስፌቱን ከአኳሪየሙ አያወጣውም። ጥቂቱን በሥጋው ያስቀራል፣ የተረፈውን በኩሱ መልሶ ይለቀዋል፤ ኩሱም ፈርሶ እንደገና የአልጌ ምግብ ይሆናል። አጽጂ እንስሳት የሚሠሩት እውነተኛ ሥራ ሌላ ነው፦ አልጌው ረዝሞ ሥር ሳይሰድ ይግጡታል፣ የወደቀ መኖ ሳይበሰብስ ይለቅማሉ፣ በድንጋይ ላይ የተጣበቀውንም ወደ ተንሳፋፊ ቆሻሻ ለውጠው ማጣሪያ እንዲይዘው ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ቆሻሻውን ከቤት ማስወጣት የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ማስወጫው መንገድ ከአንድ በላይ ነው። ውሃ መቀየር ቀላሉ ነው፤ ይሁን እንጂ ኃይሉን አጋንነን ባናየው ይሻላል፤ በሊትር 40 ሚሊግራም ናይትሬት ያለበትን ውሃ 10 በመቶ ብንቀይር የሚቀረው 36 ነው፣ 20 ለማድረስ ግማሹን በአንዴ መቀየር ያስፈልጋል። ፕሮቲን ስኪመር የሚባለው መሣሪያ ጥቃቅን የአየር አረፋ እየነዛ፣ የሟሟ የዓሣ ቆሻሻ በአረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ማሰሮው እንዲወጣ ያደርጋል፤ ጥቅሙም ቆሻሻውን ናይትሬት ከመሆኑ በፊት መያዙ ነው። በብረት ኦክሳይድ ቅንጣት የተሠራ ማጣሪያ ፎስፌትን ይይዛል፣ ነገር ግን በአንዴ ብዙ ከተጨመረ ፎስፌቱን በድንገት ወደ ዜሮ አውርዶ ኮራሎችን ይጎዳል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን አልጌን በአልጌ መቅጣትን ነው፦ ከዋናው ገንዳ በተለየ ክፍል ውስጥ ኬቶሞርፋ የተባለውን፣ የተጠላለፈ ሽቦ የሚመስል አረንጓዴ አልጌ በጥሩ ብርሃን ማሳደግና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጥቂቱን ቆርጦ መጣል ነው። የሚጣለው እፍኝ በውስጡ ያሉትን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል። የዚህ ክፍል መብራት ዋናው መብራት በሚጠፋበት በሌሊት ቢበራ ደግሞ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) በሌሊት አብዝቶ እንዳይወርድ ይረዳል።

የእጅ ሥራንም የሚተካ የለም። ረጅም የጠጉር አልጌ በያዘው ድንጋይ ላይ ቀንድ አውጣ መልቀቅ ጭፍግ ያለውን ጫካ በምላጭ ለመመንጠር እንደ መሞከር ነው፤ አብዛኞቹ እንስሳት የሚግጡት አጭሩን ብቻ ነውና። በመጀመሪያ ድንጋዩን ማውጣት ከተቻለ በባልዲ የጨው ውሃ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ካልተቻለም እየነቀሉ በቱቦ መሳብ፣ እንስሳቱን ማስገባትም ከዚያ በኋላ ነው።

ውሃውን ስንለካ አንድ ወጥመድ ይጠብቀናል። ገንዳው በአልጌ ተሸፍኖ ሳለ መለኪያው ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ነው ሊል ይችላል። የሚለካው በውሃው ውስጥ የተረፈው ብቻ ነው፤ አልጌው የበላው አይቆጠርም። ከዚህም ሌላ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራው ድንጋይ ፎስፌትን ወደ ራሱ ስቦ ያከማቻል፣ ውሃው ሲጠራም ቀስ በቀስ መልሶ ይለቃል፤ ለዓመታት በቆሸሸ ውሃ ውስጥ የቆየ ድንጋይ ወደ አዲስ ገንዳ ሲገባ ለወራት አልጌ የሚያበቅለው በዚህ ምክንያት ነው። ትነቱን ለመተካትም ሆነ ጨው ለመበጥበጥ የሚውለው ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) እና የሟሙ ጨዎችን በሚይዝ የአዮን ማጣሪያ ያለፈ፣ በውስጡ የሟሟው ነገር መጠን በመለኪያ ዜሮ የሆነ ቢሆን ይመረጣል። መብራትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በቀን ለ8 ወይም ለ10 ሰዓታት ያህል ማብራት በቂ ነው፣ ገንዳውም ቀጥተኛ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ባይቀመጥ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። በአዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋውንና መስታወቱን የሚሸፍነው ቡናማ አቧራ መሰል ነገር ዳያቶም የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። ዳያቶም ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ስለሆነ፣ በውሃው ያለው ሲሊኬት ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ጣት ሲነካው ብን ብሎ የሚነሣ በመሆኑም ይታወቃል። ይህን ለማጥፋት መድኃኒት የሚያፈስ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው። ሐምራዊ ወይም ጥቁር ቀይ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚዘረጋው፣ ሲያነሡት በአንሶላ መልክ የሚገፈፈው ዝልግልግ ነገር ደግሞ ጨርሶ አልጌ አይባልም፤ ሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው። (ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው አልፎ አልፎ ውሃውን ከሚያቀላው የዚሁ ወገን ባክቴሪያ ነው የሚሉ አሉ።) የሚወደው የውሃ ዝውውር የደከመበትንና ቆሻሻ የሚተኛበትን ማዕዘን ስለሆነ፣ ፓምፑን አዙሮ ወደዚያ ማስነፈስና አንሶላውን በቱቦ መሳብ ከየትኛውም እንስሳ ይልቅ ይረዳል፤ አጽጂ እንስሳት አብዛኛውን ጊዜ አይበሉትም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ዳይኖፍላጀሌት የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ቡናማ ንፍጥ መስሎ፣ በውስጡ የአየር ኳሶችን ይዞ በክር በክር ይንጠለጠላል፤ ሌሊት ቀንሶ ቀን መብራት ሲበራ ይመለሳል። ባለቤቱ ዳያቶም ወይም ሳይኖባክቴሪያ መስሎት መኖ ይቀንሳል፣ ፎስፌት መያዣ ይጨምራል፤ ነገሩም ይብስበታል፤ ምክንያቱም ይህ ፍጡር ብዙውን ጊዜ የሚስፋፋው ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲደርሱና ተቀናቃኞቹ በረሃብ ሲዳከሙ ነው። አንዳንዶቹ ዓይነቶች መርዝ ስላላቸው የበሏቸው ቀንድ አውጣዎች ይሞታሉ። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ፦ ጥቂት ንፍጥ በጠርሙስ ውሃ አድርጎ ክፉኛ መናጥ፣ በቡና ማጥለያ ወረቀት ማጥለል፣ ያለፈውን ውሃ ብርሃን ላይ ማስቀመጥ ነው። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ እንደገና ተሰባስቦ ክር ከሠራ ዳይኖፍላጀሌት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። በዚህን ጊዜ መፍትሔው አጽጂ እንስሳ ማስገባት ሳይሆን ናይትሬትንና ፎስፌትን በመጠኑ ከፍ ማድረግ ነው፤ «ንጹሕ ውሃ» ማለት ባዶ ውሃ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር አላየሁም።

የቀሩት በዓይን ይለያሉ። አረንጓዴ ጠጉር የሚመስለው ለስላሳ አልጌ ብዙ በላተኛ አለው። ብራዮፕሲስ ከሩቅ ሲታይ እርሱን ይመስላል፣ ጠጋ ብሎ ያየው ሰው ግን እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ያይበታል፤ ይህን የሚበላ እንስሳ ማግኘት ከባድ ስለሆነ አንዳንድ አርቢዎች ለፈንገስ ሕመም የሚውለውን ፍሉኮናዞል ይጠቀማሉ። አረንጓዴ ሉል የሚመስለው የአረፋ አልጌ፣ በተለይ ቫሎኒያ፣ እያንዳንዱ ኳስ አንድ ነጠላ ሕዋስ ሆኖ በሴንቲሜትር እስከ መለካት ይደርሳል፤ ሳይፈነዳ ከሥሩ ፈልቅቆ ማንሣት ይመከራል። ሮዝና ሐምራዊ ሆኖ ድንጋዩን እንደ ቀለም የሚለብጠው ኮራላይን አልጌ ግን በጎ ምልክት ነው፤ ማንም እንዳይፍቀው።

እንስሳትን ወደ መምረጡ ከመግባታችን በፊት ባሕሩ ራሱ የሠራቸውን ሁለት ፈተናዎች ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1983 በካሪቢያን ባሕር፣ ከፓናማ አካባቢ የተነሣ በሽታ ረጅም እሾህ ያለውን ዲያዴማ የተባለ የባሕር ጃርት ከ90 በመቶ በላይ ፈጀው። አልጌ የሚግጡት ዓሦች አስቀድመው በማስገር ተመናምነው ስለነበር የጃርቱን ሥራ የሚተካ አልተገኘም፤ በጃማይካ የሚገኙ የኮራል አለቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአልጌ ተዋጡ። በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይ ለቀይ ባሕር ዓሦች መንገድ ሲከፍት ሁለት ዓይነት ጥንቸል ዓሦች ወደ ሜዲትራኒያን ተሻገሩ፤ በምሥራቃዊው ዳርቻም በአልጌ ደን ተሸፍነው የነበሩ አለቶችን እስኪራቆቱ ጋጧቸው። ጋጭ ሲጠፋም ሲበዛም ምን እንደሚሆን ሁለቱ ያሳያሉ፤ በባሕር ግን ምግብ ያጣ እንስሳ ወደ ሌላ አለት መሄድ ሲችል በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለው መሄጃ የለውም።

ለአብዛኛው ገንዳ መሠረቱ ቀንድ አውጣ ነው፤ ራዱላ በሚባለው፣ ጥቃቅን ጥርሶች በተደረደሩበት ምላሱ መስታወቱንና ድንጋዩን እንደ ሞረድ ይፍቃል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ትሮከስን እመርጣለሁ፦ ጋጭነቱ ጠንካራ ነው፣ ተገልብጦ ቢወድቅ ራሱን ያቃናል፣ በገንዳ ውስጥም ይራባል። አስትሪያ የተባለው በግጦሹ አያንስም፣ ነገር ግን በአሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ መቃናት ስለሚያቅተው ባለቤቱ በየቀኑ እየዞረ ካላነሣው የሸርጣን ሲሳይ ይሆናል። ቱርቦ ትልቁና ርሃብተኛው ነው፤ ሌሎቹ የሚተዉትን የጠጉር አልጌ ይበላል፣ ነገር ግን ያልተጣበቀ ኮራል እየገፋ ይጥላል፣ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ዝርያ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የለመደ በመሆኑ በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዕድሜው ያጥራል። ሴሪት ቀጭንና ሾጣጣ ሆኖ በሌሊት የሚሠራ ነው፤ ድንጋዩንም አሸዋውንም ስለሚያዳርስ ዳያቶም ለበዛበት አዲስ ገንዳ ይስማማል። ናሳሪየስ የሚባለው ግን አልጌ አይበላም፤ በአሸዋ ተቀብሮ አፍንጫ መሰል ቱቦውን ብቻ አውጥቶ ይቆያል፣ የሥጋ ሽታ ሲሰማ ከመሬት ይፈነቀላል፤ ሥራው የተረፈ መኖ መልቀም ነው፣ አልጌ ያጠፋል ተብሎ ከተገዛ ገዢው ተሳስቷል።

በሰው ዛጎል የሚኖሩት ሸርጣኖች ዓይን ይስባሉ፤ ጥቅማቸው ግን ከስማቸው ያንሳል። ጠጉር አልጌና የተረፈ መኖ መብላታቸው እውነት ነው፣ ሆኖም ሰውነታቸው ሲያድግ ሰፋ ያለ ዛጎል ይሻሉ፣ ዛጎሉን ለመንጠቅም በውስጡ ያለውን ቀንድ አውጣ ከመግደል ወደኋላ አይሉም። ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ባዶ ዛጎሎችን መበተን ጠቡን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ሚትራክስ የሚባለው አረንጓዴ ሸርጣን የአረፋ አልጌን በመብላት ይታወቃል፤ ሁሉም ግን አይበላም፣ ሲያድግና ሲርበው ኮራልና ትንሽ ዓሣ ሊነካ ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ብቻ በቂ ነው።

የባሕር ጃርት ከሁሉ የበረታ ጋጭ ነው። ከታች ያለው አፉ አምስት ጥርሶች ያሉት ሲሆን፣ ጥንት አሪስጣጣሊስ ከፋኖስ ጋር አመሳስሎ ስለገለጸው እስከ ዛሬ «የአሪስጣጣሊስ ፋኖስ» ይባላል። በዚህ አፍ አልጌውን ብቻ ሳይሆን ኮራላይኑንና የድንጋዩን ገጽ ጭምር ይፍቃል፣ ያልተጣበቀውን ሁሉ እንደ ባርኔጣ ተሸክሞ ይዞራል። እሾሁ አጭር የሆነው ቱክሲዶ የሚባለው ዓይነት ለመካከለኛ ገንዳ ይስማማል። ዶላቤላ የተባለችው የባሕር ጥንቸል (ቀንድ አውጣ መሰል ለስላሳ እንስሳ) ደግሞ የጠጉር አልጌን በቀናት ውስጥ ጠርጋ ትጨርሳለች፤ ችግሩም የሚጀምረው ስትጨርስ ነው። ሌላ ምግብ ስለማትቀበል ትራባለች፣ በፓምፕ ከተጠባች ወይም ከደነገጠች ሐምራዊ ቀለም ትለቃለች። እሷን ከሌላ አርቢ ተውሶ ሥራዋን ስትጨርስ መመለስ ከመግዛት ይሻላል።

ዓሣን ለአልጌ ብሎ መግዛት ስሕተት ሊሆን የሚችለው መጠኑ ስለሚዘነጋ ነው። ቢጫው ታንግ 20 ሴንቲሜትር ገደማ የሚደርስና ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ዓሣ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ከ400 ሊትር በታች በሆነ ገንዳ መግባት የለበትም። ጥንቸል ዓሦች ሌላው የሚንቀውን አልጌ ሳይቀር ይበላሉ፣ ነገር ግን የክንፋቸው እሾህ መርዛማ ስለሆነ እጅ ሲገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትንሽ ገንዳ ላለው ሰው ሣር አጫጅ የሚሉት ብሌኒ ይቀርባል፤ እርሱም የሚኖረው በስስ አልጌ ስለሆነ ገንዳው ሲጸዳ የሚከሳ አለ። በአሸዋ ውስጥ እየገባች የምትበላዋን የባሕር ኮከብ ግን ለቤት ገንዳ አልመክርም፤ በአሸዋው ያለውን ሕይወት በልታ ከጨረሰች በኋላ በወራት ውስጥ በረሃብ ትሞታለች።

ስለ ብዛቱ፣ ለእያንዳንዱ አራት ሊትር አንድ ቀንድ አውጣ የሚለው የሻጮች ልማድ በግልጽ የበዛ ነው። ለ200 ሊትር አምስት ወይም ስድስት ትሮከስ፣ አምስት ያህል ሴሪት፣ ሁለት ወይም ሦስት ናሳሪየስ አስገብቶ አንድ ወር መጠበቅ፣ መስታወቱ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ ሳይደበዝዝ ከቆየ ምንም አለመጨመር የተሻለ ነው። ገንዳው አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑበት ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ማንም መግባት የለበትም። አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት የሰውነታቸውን ጨው እንደ ዓሣ ማስተካከል ስለማይችሉ፣ የመጡበትን ውሃ ጨዋማነት ለክቶ የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማላመድ ይገባል። ለዓሣ ሕመም የሚሰጥ መዳብ ያለበት መድኃኒት በዚህ ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ቀንድ አውጣውንም ሸርጣኑንም ጃርቱንም ይገድላል፣ ድንጋዩም መዳቡን ይዞ ይቆያል። ዛጎላቸውንም ከማስገባት በፊት በብሩሽ ማሸት ብልህነት ነው፤ ብራዮፕሲስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቀንድ አውጣ ጀርባ ላይ ተሳፍሮ ነው።

አልጌው ተመናምኖ ሲያልቅ ጋጮቹ መብላታቸውን አያቆሙም። በዚህን ጊዜ ዘይትና ቅመም ያልገባበት ደረቅ የባሕር አልጌ ቅጠል በሳምንት ሁለት ጊዜ ከድንጋይ ጋር አስሮ ማስቀመጥና ያልተበላውን በማግሥቱ ማውጣት ያስፈልጋል። ለሁለትና ሦስት ቀን ከቦታው ያልተነቃነቀ ቀንድ አውጣ ካለ አንሥቶ ማሽተት ነው፤ በሕይወት ያለው ክዳኑን ይዘጋል፣ የሞተው ግን ሽታው ራሱ ይናገራል፤ በትንሽ ገንዳ ውስጥ አሞኒያው ሳይነሣ በዚያው ሰዓት መውጣት አለበት።